ከልምምድ እስከ አየር ሰዓት፦ የሬዲዮና የቴሌቪዥን አቅራቢ ለመሆን ለሚሹ

«ድምፅዎ ለሬዲዮ ነው የተፈጠረው» ተብለው ያውቁ ይሆናል። አስተያየቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ጣቢያ በር ላይ ማመልከቻ ይዞ የሚቆመው ሁሉ ያንኑ የተባለ ሰው ነው። ድምፅ በር ያስከፍታል፤ ውስጥ የሚያቆየው ግን ሌላ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ፣ ወጥ ቤት ሆኖ የሚያዳምጥዎ ሰው ጊዜውንና እምነቱን በአደራ ይሰጥዎታል። የሚነግሩት እውነት እንደሆነ፣ የሚያቀርቡለት እንግዳ የሚረባ እንደሆነ፣ ግዛ የሚሉት ዕቃ እንደማያከስረው አምኖ ነው ጆሮውን የሚሰጠው። አቅራቢ በሙያው የሚቆየው ይህን አደራ እስከጠበቀ ድረስ ነው።

ይህ መመሪያ ከመጀመሪያው የንባብ ልምምድ ጀምሮ የራስን ፕሮግራም እስከ መምራት ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል ያሳያል። እያንዳንዱ ደረጃ በቀደመው ላይ የቆመ ስለሆነ አይዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ምን ዓይነት አቅራቢ መሆን እንደሚሹ ይወስኑ

«አቅራቢ» በሚለው ስም ሥር የተለያዩ ሥራዎች አሉ። ዜና አንባቢ፣ የውይይት መሪ፣ የስፖርት ጋዜጠኛ፣ ተራኪ፣ የልጆች ፕሮግራም አዘጋጅ፣ የመዝናኛ አቅራቢ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ችሎታ ይጠይቃሉ። ለሁሉም በአገራችን አርአያ አለ፤ መምህር ፍለጋ ሩቅ አይሂዱ።

• ትረካ የሚማርክዎ ከሆነ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበበትን ቅጂ ፈልገው ያዳምጡ። ገጸ ባሕርያቱን በድምፁ እንዴት እንደሚለያያቸው፣ የት ላይ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ ያስተውሉ።

• ስፖርት ከሆነ፣ በ1980 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ደምሴ ዳምጤ ያስተላለፈውን ይስሙ። ከእያንዳንዱ ምት በፊት ያለውን ጭንቀትና ከምቱ በኋላ የሚመጣውን ስሜት በድምፅ ብቻ ማድረስ ምን እንደሆነ ያሳይዎታል።

• ለልጆች መሥራት ከፈለጉ፣ አርአያዎ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሁላችንም እንደምናውቃቸው አባባ ተስፋዬ፣ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም አንስቶ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። ካሜራውን እንደ ካሜራ አይተውት አያውቁም፤ ፊት ለፊታቸው ለተቀመጠ አንድ ልጅ ነበር የሚያወሩት።

• ረጅም ቃለ መጠይቅ ከሆነ፣ ከሸገር ኤፍኤም 102.1 መሥራቾች አንዷ የሆነችውን የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» ያዳምጡ። የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ለሳምንታት ተከፋፍሎ ሲቀርብ፣ አቅራቢዋ ለእንግዳው የምትሰጠውን ጊዜና ትዕግሥት ይቁጠሩ።

• መዝናኛ ከሆነ፣ ሰይፉ ፋንታሁን ከሬዲዮው «ታዲያስ አዲስ» ወደ ኢቢኤስ ቴሌቪዥን ሲሻገር ምን ይዞ እንደሄደ፣ ምን እንደቀየረ ያነጻጽሩ።

መልመጃ፦ ከመረጡት ዘርፍ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ይምረጡና ደጋግመው ያዳምጡ። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም አድማጭ ይስሙት። ቀጥሎ ሰዓት ይዘው መግቢያው፣ ጥያቄው፣ ሙዚቃውና ማስታወቂያው ስንት ደቂቃ እንደወሰዱ ይጻፉ። በመጨረሻም አቅራቢው ዝም ያለበትን ቦታ ብቻ ምልክት ያድርጉ። የብዙ ጀማሪ ችግር መናገር አለመቻል ሳይሆን ዝም ማለት አለመቻል ነው።

ደረጃ 2፦ ድምፅዎንና አነባበብዎን ይግሩ

ጥሩ ድምፅ ማለት ወፍራም ድምፅ ማለት አይደለም፤ የሚሰማና የማያደክም ድምፅ ነው። ወፍራም ለማስመሰል ጉሮሮን መጫን ድምፅን ይጎዳል፣ አድማጭም ቶሎ ያውቀዋል። በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጮክ ብለው ያንብቡ፣ በስልክዎ ይቅረጹ፣ መልሰው ይስሙ። ወገብዎን አቅንተው ከሆድዎ ይተንፍሱ። ከስርጭት በፊት ቀዝቃዛ ሳይሆን ለብ ያለ ውኃ ይጠጡ።

ከማይክሮፎን የአንድ ስንዝር ያህል ይራቁ። «ፕ» እና «ጵ» የመሳሰሉት ድምፆች አየር ገፍተው ስለሚወጡ ማይክሮፎኑ ላይ ይፈነዳሉ። ስለዚህ ማይኩን በቀጥታ ከአፍዎ ፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉት።

አማርኛ አንባቢን የሚፈትነው መጥበቅና መላላት ነው፤ ፊደላችን አይለየውምና። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ዋና» ሲላላ የውኃው፣ ሲጠብቅ የበላዩ ነው። ስቱዲዮ ከመግባትዎ በፊት ጽሑፉን እርሳስ ይዘው ያንብቡ፤ በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ፣ ትንፋሽ በሚወስዱበት ቦታ ላይ ጭረት ያድርጉ።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ ሳያጣሩ አያንብቡ፦

• ስሞች። የሰው ስም ከባለቤቱ፣ የቦታ ስም ከአካባቢው ተወላጅ ይጠየቃል። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሲዳምኛ የተሰየመ ቦታ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚረዝመው ድምፅ ይጠፋል። የአገሬውን ስም አጥፍቶ መጥራት የአገሬውን ሰው ከፕሮግራምዎ ያስወጣዋል።

• ቁጥሮች። «1,250,000» የሚለውን ሲያዩ እንዳይደናቀፉ በፊደል ጽፈው ይያዙት። አድማጭ ሁለት ትልልቅ ቁጥሮችን በአንድ ዓረፍተ ነገር አይዝም፤ ይለያዩዋቸው።

• ቀንና ሰዓት። ከውጭ ዜና ወኪሎች የሚመጣ ዜና በምዕራባውያን አቆጣጠር ነው። ስለ አገር ውስጥ ክስተት ከጠዋቱ 9 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ለእኛ አድማጭ 3 ሰዓት ነው። የዓመቱም ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ 8 ነው፤ ቀኑንና ወሩን ሳያዩ ዓመት አይቀንሱ።

ደረጃ 3፦ ለጆሮ መጻፍ ይማሩ

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚታሰረው መጨረሻው ላይ በሚመጣው ግሥ ነው። አንባቢ ረጅም ዓረፍተ ነገር ቢገጥመው ዓይኑን መልሶ ያነባል፤ አድማጭ ግን መመለሻ የለውም። ይህን የጋዜጣ ዓረፍተ ነገር ይመልከቱ፦

«በከተማዋ በተለያዩ ክፍለ ከተሞች የሚታየውን የውኃ እጥረት ለመቅረፍ ያስችላል የተባለውና ግንባታው ባለፈው ዓመት የተጀመረው የጉድጓድ ቁፋሮ ፕሮጀክት በመጪው ወር ተጠናቆ አገልግሎት መስጠት እንደሚጀምር ተገለጸ።»

ለሬዲዮ ሲሆን እንዲህ ይፈታል፦

«ዓምና የተጀመረው የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ በመጪው ወር ያልቃል። ይህን የነገሩን የከተማዋ የውኃ ቢሮ ኃላፊ ናቸው። ጉድጓዱ ሥራ ሲጀምር በክፍለ ከተሞቹ ያለውን እጥረት ያቃልላል ብለዋል።»

ልዩነቱ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው «ተገለጸ» ብሎ ሲያበቃ ማን እንደገለጸው አይታወቅም። «ተገለጸ»፣ «ተባለ»፣ «ተጠቆመ» የሚሉ ቃላት ጽሑፍዎ ላይ ባዩ ቁጥር «ማን አለ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካጡ ዜናው ገና አልበሰለም። ባለቤት የሌለው ወሬ በእርስዎ ድምፅ ሲነገር ባለቤቱ እርስዎ ይሆናሉ።

የጻፉትን ሁሉ ጮክ ብለው ለአንድ ሰው ያንብቡለት፣ ከዚያም የሰማውን እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ያልደገመው ክፍል ያልተላለፈ ክፍል ነው።

ደረጃ 4፦ መግቢያ በርዎን ይምረጡ

የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ዲግሪው በተለይ በመንግሥትና በክልል ጣቢያዎች ቅጥር ላይ ይረዳል። ሆኖም ከቋንቋ፣ ከቴአትር፣ ከሕግ ወይም ከጤና ትምህርት መጥተው ጥሩ አቅራቢ የሆኑ ብዙ ናቸው። አንድ ጉዳይ ጠልቆ የሚያውቅ ሰው ለጣቢያ ዋጋ አለው።

ትልቁን በር ብቻ አያንኳኩ። የማኅበረሰብ ሬዲዮዎች፣ እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት የሚያስተዳድሯቸው ጣቢያዎችና የክልል ኤፍኤሞች ለጀማሪ የተሻለ ዕድል ይሰጣሉ። እዚያ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ዘጋቢነት፣ ኤዲቲንግና አቅራቢነት አብረው ይወድቃሉ፤ ድካሙ ብዙ ቢሆንም ትምህርቱም ያንኑ ያህል ነው። ከማይኩ ጀርባ መጀመርን አይናቁ። ሚክሰር ላይ የተቀመጠ፣ ድምፅ የቆረጠ፣ እንግዳ በስልክ ያግባባ ሰው ማይኩ ፊት ሲቀርብ የሚደነግጥበት ነገር ያንሳል።

ከአገር ውጭ ላሉም መንገዱ ክፍት ነው። ኢቢኤስ የተመሠረተው ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጀርመን ውስጥ ዶይቼ ቬለ ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ በአማርኛ ያሰራጫል። በእስራኤል ሬቃ የተባለው የመጤዎች ሬዲዮ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ አለው። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞችም ኢትዮጵያውያን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ተከራይተው የሚያሰራጩባቸው ሬዲዮዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ሰው ስለሆነ በፈቃደኝነት ለማገልገል ቢጠይቁ የሚገፋዎ አይኖርም።

ደረጃ 5፦ ናሙና ያዘጋጁ

ናሙናዎ ከ5 ደቂቃ አይብለጥ። የሚሰማው ሰው ጊዜ የለውምና ጥሩውን መጀመሪያ ያድርጉ። ይዘቱ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ አንድ ደቂቃ ዜና፣ አንድ ደቂቃ ያለ ጽሑፍ የተነገረ የፕሮግራም መግቢያ፣ ቀሪው ከእውነተኛ ሰው ጋር ያደረጉት ቃለ መጠይቅ ቅንጭብ። ጫማ ሰፊም ይሁን ሐኪም፣ ሰውየው ስለ ሥራው የሚናገረው ነገር ይኑረው።

ስቱዲዮ ባይኖርዎ ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን ፊት ቆመው ወይም ብርድ ልብስ በተዘረጋበት ክፍል በስልክ ይቅረጹ፤ ጨርቁ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ከሥሩ ሙዚቃ አያድርጉበት። ጣቢያው መስማት የሚፈልገው እርስዎን ነው።

ለፈተና ሲጠሩ ዜና ከማንበብ ሌላ አጭር ትርጉም፣ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና ያለ ዝግጅት ለሁለት ደቂቃ መናገር ሊጠየቁ ይችላሉ። የዕለቱን ዜና ሳይሰሙ ወደ ፈተና አይሂዱ።

ደረጃ 6፦ ቃለ መጠይቅን ዋና ሙያዎ ያድርጉት

አብዛኛው የአቅራቢ ሥራ ሰውን ማናገር ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ።

ከቀረጻው በፊት። ስለ እንግዳው የተጻፈውን ያንብቡ፣ የተናገረውን ይስሙ፣ የሚያውቁትን ሁለት ሰዎች ያነጋግሩ። እንግዳውንም አስቀድመው በስልክ ያግኙት፤ ነገር ግን ዋናውን ታሪክ በስልክ አያስጨርሱት። ሁለት ጊዜ የተነገረ ታሪክ ማይክ ፊት ይደርቃል። ጥያቄዎችን ይጻፉ፣ ከዚያም «ከሁሉ አንድ ብቻ ብጠይቅ የትኛው ይሆን?» ብለው ያንን ያስምሩበት። ያ ጥያቄ ሳይጠየቅ ፕሮግራሙ አያልቅም።

አጠራር። «አንተ»፣ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ»? ከማይክ ውጭ የሚተዋወቁት ወዳጅዎ ቢሆንም አድማጭ አያውቀውም። አዛውንትን፣ የሃይማኖት አባትንና ባለሥልጣንን በአክብሮት መጥራት ልማድ ነው፤ ወጣት እንግዳን ግን እርሱ በመረጠው ይጥሩት። አንዴ የያዙትን አጠራር መሐል ላይ አይለውጡ። ባለሥልጣኑን «እርስዎ» እያሉ፣ የቀን ሠራተኛዋን አናታቸው ላይ ሽበት እያለ «አንቺ» ካሉ አድማጭ ሚዛንዎን አይቶታል።

አጠያየቅ። አንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ። ሁለት አጣምረው ከጠየቁ እንግዳው የሚቀለውን መልሶ ሌላውን ያልፋል። «ደስ ብሎዎት ነበር?» ከማለት «የዚያን ዕለት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ለማን ነገሩ?» ማለት ይሻላል። የእኛ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ «ኧረ ምንም አላደረግኩም፣ የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ብሎ ማለፍ ይወዳል። ትሕትናው የሚከበር ነው፤ እርስዎ ግን ወደ ዝርዝሩ ይግቡ። የት ነበር? ማን አብሮዎት ነበር? ምን ለብሰው ነበር? ሰው ስለ ራሱ መመካት ቢያፍርም ያየውን መናገር አያፍርም።

ይሉኝታ። የአቅራቢ ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ከባዱን ጥያቄ መዝለል ደግነት ይመስላል፤ ለአድማጭ ግን አደራ መብላት ነው። በአክብሮት መጠየቅ ይቻላል፦ «ይህን ሳልጠይቅዎ ባልፍ አድማጮች ይታዘቡኛል» ብለው ጥያቄውን በቀጥታ ያስከትሉ። እንግዳው ከሸሸ በሌላ ቃል አንድ ጊዜ ይድገሙት። ዳግም ከሸሸ ይለፉት፤ መሸሹን አድማጭ ሰምቷል።

ማዳመጥ። እንግዳው ሲናገር «እሺ… እሺ… በጣም ጥሩ» እያሉ አይደርቡበት። ራስዎን ይነቅንቁ፣ በዓይንዎ ይከተሉት። ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሱለት። መልሱ ያለቀ ሲመስልዎ ትንሽ ይቆዩ፤ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዋናው ነው። ወረቀትዎ ላይ ያለው ቀጣይ ጥያቄ አሁን ከሰሙት ጋር ካልሄደ ወረቀቱን ይተዉት።

ሐዘንና ልጆች። የተጎዳን ሰው ሲያናግሩ ምን እንደሚጠይቁ አስቀድመው ይንገሩት፣ ማቆም እንደሚችልም ያረጋግጡለት። እንባ ለማግኘት ጥያቄ አይደጋግሙ። ልጅን ያለ ወላጅ ፈቃድ አይቅረጹ፤ ወላጅ ቢፈቅድም እንኳ ነገ ልጁን በትምህርት ቤት የሚያሳፍር ነገር አያስተላልፉ።

ደረጃ 7፦ ለቀጥታ ስርጭት ይዘጋጁ

በየደቂቃው ምን እንደሚመጣ የሚያሳይ የፕሮግራም ቅደም ተከተል በወረቀት ይኑርዎ፤ አንዱን ቅጂ ለቴክኒሻኑ ይስጡ። ስልክ መስመር ቢቋረጥ፣ እንግዳ ቢዘገይ የሚሞሉበት የ10 ደቂቃ ተጠባባቂ ዝግጅት ሁልጊዜ ይያዙ።

አድማጭ ሲደውል መጀመሪያ «የሬዲዮዎን ድምፅ ይቀንሱልኝ» ይበሉ፤ አለዚያ ድምፁ እየዞረ ያፏጫል። ደዋዩ ሰውን ወይም ብሔርን መስደብ ከጀመረ በእርጋታ ያቋርጡት፣ የተባለው ተቀባይነት እንደሌለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፣ ወደ ጉዳዩ ይመለሱ። ዝም ብሎ ሙዚቃ መልቀቅ የተባለውን አየር ላይ ይተወዋል።

ከስልክዎ ላይ ያዩትን የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ወሬ ምንጩን ሳያጣሩ አያንብቡ። በተለይ የሞት ዜና። ባህላችን መርዶን ሰው ሰብስቦ፣ ሰዓት መርጦ የሚነግረው ለሐዘንተኛው አስቦ ነው። አደጋ ሲደርስ ቤተሰብ ሳይሰማ የሟችን ስም በአየር ላይ መጥራት ያንን ጥበቃ ያፈርሳል። ቢቀድሙም ምንም አያተርፉም።

ሲሳሳቱ ወዲያው ያርሙ፦ «ቀደም ሲል እንዲህ ብያለሁ፤ ትክክሉ ይህ ነው፤ ይቅርታ።» ከዚያ ይቀጥሉ። ረጅም ማብራሪያ ስህተቱን ያገንነዋል፤ መደበቅ ደግሞ እምነትን ይበላል።

ደረጃ 8፦ ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገሩ

በሬዲዮ የሚገልጹትን በቴሌቪዥን ሥዕሉ ይገልጸዋል፤ ስለዚህ ተመልካች የሚያየውን አይንገሩት፣ የማያየውን ይጨምሩለት። ከስክሪን ላይ ሲያነቡ ዓይንዎ ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ይታያል። የማንበቢያውን ፊደል ትልቅ ያድርጉ፣ በመስመር ጥቂት ቃላት ብቻ ያድርጉ።

ጥቅጥቅ ያለ ቀጭን መስመር ያለው ልብስ ካሜራ ላይ ይርገበገባል። ነጭ የሐበሻ ልብስ ከለበሱ ለካሜራ ባለሙያውና ለመብራት ባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ፤ ብርሃኑ ካልተስተካከለ ልብሱ ደምቆ ፊትዎን ያጨልመዋል። ከጀርባዎ አረንጓዴ መጋረጃ ካለ አረንጓዴ አይልበሱ።

ቴሌቪዥን የቡድን ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ በጆሮዎ እየነገረዎ እንግዳውን ማዳመጥ ልምምድ ይፈልጋል፤ ዜና እየሰሙ ሌላ ጽሑፍ ጮክ ብሎ በማንበብ ቤትዎ ይለማመዱ። ካሜራ የሚሸከመውንና ገመድ የሚጠቀልለውን ሰው ስም ይወቁ። ስርጭት ሲበላሽ የሚያድንዎ እርሱ ነው።

ደረጃ 9፦ የአየር ሰዓት፣ ስፖንሰርና ገንዘብ

በአገራችን ብዙ አቅራቢዎች ደመወዝተኛ ሳይሆኑ ተባባሪ አዘጋጅ ናቸው። ከጣቢያ የአየር ሰዓት ይገዛሉ፣ ፕሮግራሙን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፣ ስፖንሰርና ማስታወቂያ ፈልገው ወጪያቸውን ይሸፍናሉ። በዚህ መንገድ የሚገቡ ከሆነ አቅራቢም ነጋዴም መሆንዎ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ያጣሩ፦

• የአየር ሰዓቱ ክፍያ መቼ መቼ ይከፈላል? ስፖንሰር ቢዘገይስ?
• ሰበር ዜና ወይም ሌላ ስርጭት ሰዓትዎን ቢወስድ ይተካል ወይስ ይቀነሳል?
• ከሰዓትዎ ስንቱን ደቂቃ ለማስታወቂያ መጠቀም ይችላሉ?
• የቅጂው ባለቤት ማን ነው? በዩቲዩብ መጫን ይችላሉ?
• ውሉ የሚቋረጠው በምን ያህል ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው?

ስፖንሰር ሳያገኙ ቢያንስ ለሦስት ወር የሚያስኬድዎ ገንዘብ ሳይዙ አይጀምሩ። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያውጡ፤ ትልልቅ ድርጅቶች ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አይከፍሉም። ገቢዎን በአንድ ድርጅት ላይ አይስቀሉ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲከለክል፣ በቢራ ፋብሪካዎች ላይ ተደግፈው የቆዩ ፕሮግራሞች በአጭር ጊዜ ውስጥ ሌላ ደጋፊ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል።

አደራው ክፉኛ የሚፈተነው እዚህ ነው። ማስታወቂያ ማስታወቂያ መሆኑ ተለይቶ ይታወቅ፤ የተከፈለበትን ቃለ መጠይቅ እንደ ተራ እንግዳ አያቅርቡ። በራስዎ ድምፅ የሚያስተዋውቁትን ቤት ሻጭ፣ የቁጠባ ዕቅድ ወይም መድኃኒት አስቀድመው ይመርምሩ፦ ፈቃድ አለው? መሬቱ የማን ነው? ከዚህ በፊት የገዙ ሰዎች ምን ይላሉ? አድማጭ ቤቱን ለመግዛት ጥሪቱን ሲያወጣ በማስታወቂያው ብቻ ሳይሆን በድምፅዎ ተማምኖ ነው። ስፖንሰር በሚቀጥለው ወር ሌላ ይገኛል፤ የተከዳ አድማጭ ግን አይመለስም። እንግዳ አመራረጥና ጥያቄ ውስጥ ስፖንሰር እንደማይገባም በውሉ ላይ በጽሑፍ ያስፍሩ።

ደረጃ 10፦ ሕጉን ይወቁ

የሚከተሉትን አዋጆች አንድ ጊዜ ተቀምጠው ሙሉውን ያንብቡ፦

• የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013፤ የጣቢያዎችን ፈቃድ፣ መብትና ግዴታ ይደነግጋል። ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው።
• የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012።
• የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004።
• የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፤ ለመግቢያ የሚጠቀሙበት ሙዚቃም ባለቤት አለው።

አከራካሪ ነገር ሲገጥምዎ ከስርጭት በፊት ዋና አዘጋጁን ያማክሩ። ቅጂዎችንና ማስታወሻዎችን ያስቀምጡ፤ ቅሬታ ሲመጣ የሚናገርልዎ ማስረጃ ነው።

ደረጃ 11፦ ሥራው እንዲዘልቅ ያድርጉ

በየወሩ ከፕሮግራሞችዎ አንዱን መርጠው እንደ ሌላ ሰው ሥራ ያዳምጡ። «እንግዲህ»፣ «በነገራችን ላይ» የመሳሰሉትን ልማድ የሆኑብዎትን ቃላት ይቁጠሩና በሚቀጥለው ወር ይቀንሱ። አድማጮችዎ ከሆኑት መካከል እውነቱን የሚነግርዎ አንድ የታክሲ ረዳት፣ አንዲት ነጋዴ፣ አንድ ተማሪ ይኑርዎት፤ የሥራ ባልደረባ ይሉኝታ ይይዘዋል።

ድምፅዎ ሲጎረብጥ በሹክሹክታ አይናገሩ፤ ዕረፍት ይስጡት፣ ካልተሻለው ሐኪም ጋ ይሂዱ። ከታወቁ በኋላም መንገድ ላይ ሰላም የሚልዎትን ሰው ቆመው ያናግሩት፤ የሚቀጥለው ፕሮግራምዎ ሐሳብ ከእርሱ ሊመጣ ይችላል።

በዚህ ሳምንት ይጀምሩ

ጣቢያ እስኪጠራዎ አይጠብቁ። ሰኞ አንድ ፕሮግራም መርጠው በደረጃ 1 እንደተባለው ያዳምጡ። ማክሰኞና ረቡዕ አንድ የጋዜጣ ዜና ለጆሮ መልሰው ይጻፉና ቀርጸው ይስሙ። ሐሙስ ከሰፈርዎ ሥራውን የሚወድ አንድ ሰው ይምረጡና ስለ እርሱ ያጠያይቁ። ዓርብ አምስት ጥያቄ ጽፈው ዋናውን ያስምሩበት። ቅዳሜ ሄደው 20 ደቂቃ ያናግሩት። እሑድ ከ20ው ምርጡን 3 ደቂቃ ቆርጠው፣ መግቢያ ሠርተው፣ መጀመሪያ ለራሱ ለእንግዳው ያሰሙት። «እንዲህ ነው ያልኩት፤ ሐሳቤን አላጣመምክብኝም» ካለዎት ናሙናዎ ለጣቢያ ደርሷል። ካላለ የት ላይ እንደተዛባ ይጠይቁትና በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ሰው እንደገና ይሥሩ።